መቃብር ያልተባለበት ቀን

ስልኩ የጮኸው ወናጎን አለፍ ብለው፣ ወደ ትክል ድንጋዮቹ የሚያወጣውን ጥርጊያ መንገድ ከመያዛቸው በፊት ነበር። ሾፌሩ ጠሀ ጎማውን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ይፈትሻል። ሳያት ከመንገዱ ማዶ ሙዝ ከምትሸጥ ሴት ጋር ቆማ ትከራከራለች፤ ትስቃለችም። አስጎብኚው ሽበሺ ስልኩን አየው። «የሳያት አባት» ይላል።

«ደህና አደሩ አባባ! አያስቡ፣ ልጅዎን በሰላም አድርሻታለሁ» አለ ገና ሳይጠየቅ።

የመለሰለት ድምፅ የሽማግሌው አልነበረም።

«አማኑኤል እባላለሁ፤ የወልደጻድቅ ታናሽ ወንድም ነኝ። ልጅቷ አጠገብህ ናት?»

«የለችም፤ ራቅ ብላለች።»

«እንግዲያው ስማኝ ወንድሜ። ወልደጻድቅን ጌታ ወስዶታል። እናንተ ከወጣችሁ ብዙም አልቆየ። ሻይ አምጡልኝ አለ፤ ትንሿ ልጁ ራሔል ይዛለት ስትመለስ አልነበረም።»

ሽበሺ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ለማለት አፉን ሲከፍት ሰውዬው ቀደመው።

«ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ነገ እሑድ ነው፣ አምልኮ አለ፤ እድሩም ድንኳኑን ተክሏል። አንተ ታዲያ ይህን ነገር ከአፍህ እንዳታወጣ። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ልጅቷ ሆደ ባሻ ናት፤ እናቷ የሞተች ጊዜ ወድቃ አፋፍሰን ነው ያነሳናት። ሽማግሌ ይዘን፣ እኛው ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን። አንተ ብቻ ሰበብ ፈልግና ቶሎ መልሳት። አደራ።»

«ምን ብዬ ልመልሳት ጋሼ?»

«አስጎብኚ አይደለህም እንዴ? አፍ አታጣም።»

ስልኩ ተዘጋ። ሽበሺ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲመራ ኖሯል። ገደል ሲመጣ «ጠንቀቅ» ማለት፣ ሰው ሲደክመው ማሳረፍ፣ ሲከፋው ማሳቅ ያውቃል። እንዲህ ያለ አደራ ግን ከማንም ተቀብሎ አያውቅም። ሰዓቱን አየ፤ አራት ሰዓት አልፏል። ከዚህ እስከ ሀዋሳ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። አሁን ቢዞሩ ትደርሳለች። እኩለ ቀን ላይ ቢነሱም ለጥቂት ትደርሳለች።

ሳያት ሙዙን ታቅፋ መጣች። «አታላኛለች መሰለኝ ጋሽ ሽበሺ። ግን ሳቋ ደስ ስላለኝ ዝም አልኳት።»

«ሳያት…»

«ወይ?»

«እንዲያው… ሌላ ቀን ብንመጣስ? ወደ ላይ መንገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ።»

ጠሀ ከጎማው ሥር ቀና አለ። «ማን ነው የሚለው? ትናንትና ሰው አድርሼ የተመለስኩት እኔ ነኝ! እንደ አስፋልት ነው ጋሼ።»

«እየው እንግዲህ!» አለች ሳያት እየሳቀች። «አስጎብኚው ሲሰንፍ ሾፌሩ ይጎብዛል። በሉ እንውጣ፤ አባዬ ይጠብቀኛል።»

ሽበሺ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሽቅብ ወጡ።

እዚህ መምጣቱ የአባትየው ሐሳብ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ በወጣትነታቸው በዲላ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ነድተዋል። አንድ እሑድ ከጓደኞቻቸው ጋር ኮረብታውን ወጥተው ድንጋዮቹን አዩ። ረጃጅም ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዓይንና አፍንጫ የተቀረጸባቸው። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፣ «የጥንት ሰዎች መቅደስ ነው» ብለው ያዙት። ለልጆቻቸውም ሲያወሩላቸው ኖሩ። ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ያ ኮረብታ በጣም ትዝ ይላቸው ጀመር። ሰሞኑን ሻል ሲላቸው ሳያትን ጠርተው «እኔ ከእንግዲህ አልወጣውም፤ ሂጂና እይልኝ፣ በስልክሽም አንሺልኝ» አሏት። ካርታው ስልኳ ላይ ስላለ ብቻዋን ልትሄድ ፈልጋ ነበር። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። «ለዓይን ብቻማ ድንጋይ ነው። የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ የነገረሽን ደግሞ ትነግሪኛለሽ።» እሷም ሀዋሳ ፒያሳ ወርዳ፣ ሽበሺ ደንበኞቹን ከሚቀጥርበት ካፌ አገኘችው። በዋዜማው ማታ አባትየው ራሳቸው ደውለው «ልጄን አደራ» ብለውት ነበር። አሁን ሁለት አደራ ሆነበት፤ አንዱ ከሟች፣ አንዱ ከቋሚ።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ነፋሱ የእንሰቱን ቅጠል ያንኳኳል። ድንጋዮቹ በጠጠር ቁልል መሐል ተሰግስገው ቆመዋል፤ ገሚሱ ዘሟል፣ ገሚሱ ወድቋል። ሽበሺ እዚህ ቦታ ላይ የሚናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የቆማችሁት መቃብር ላይ ነው፤ እባካችሁ በቀስታ እንራመድ» ይላል። ጎብኚ ሁሉ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ያኔ ነው። ዛሬም አፉ ከልማዱ የተነሳ ተከፈተ፤ «የቆምሽው…» አለና ቆመ።

«ይሄ ነው አይደል መቅደሱ?» አለች ሳያት።

«አዎ» አለ። «ይሄ ነው።»

«አባዬ እውነቱን ነው!» እንደ ሕፃን እጇን አጨበጨበች። «ሁሌ ስስቅበት ነበር እኮ። ካህናቱ የት ነበር የሚቆሙት?»

«እዚያ… በፀሐይ መውጫ በኩል።»

«ጣሪያስ? ፈርሶ ነው?»

«ጣሪያ አልነበረውም። ሰማዩ ነው ጣሪያው።»

«ውይ፣ ሲያምር! እነዚህስ የወደቁት? ለምንድን ነው የማያነሷቸው?»

ሽበሺ ወደ ወደቀው ድንጋይ አየ። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንጋሏል፤ በዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የዝናብ ውሃ ተቋጥሯል። «የወደቀውማ እንዳለ ይተዋል» አላት።

እንዲህ ሆኖ ሽበሺ በሕይወቱ የሌለ መቅደስ ሠራ። ቃሉን ሸሽቶ፣ ያንን አንድ ቃል ላለመጥራት ብሎ፣ መሠዊያ አቆመ፤ መግቢያ በር ከፈተ፤ መዘምራን አሰለፈ። ሳያት ሁሉንም አመነችው። አስጎብኚዎችን ሰው የሚያምናቸው በዚህ ነው፤ መንገድ ስለሚያውቁ ሌላውንም ያውቃሉ ተብሎ ይታሰባል።

ስልኳን አወጣችና ሰጠችው። «ቅረጸኝ ጋሽ ሽበሺ። ለአባዬ ነው።» ሻርፗን አስተካክላ፣ ከአንድ ረጅም ድንጋይ ሥር ቆመች።

«አባዬ! ይኸው መጣሁልህ። መቅደስህ ይኸውና። አንተ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ ከእንግዲህ አልስቅብህም። ወደዚህ አዙረው ጋሽ ሽበሺ፣ ይሄኛውን ይየው። አየኸው አባዬ? አፍንጫው ቁርጥ አንተን! ጣሪያ አልነበረውም አሉ፤ ሰማዩ ነው አሉ። መድኃኒትህን ዋጥክ? ራሔልን እንዳታስቸግራት። ማታ አልጋህ ላይ ሆነን አብረን እናየዋለን…»

ሽበሺ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ይቀርጻል። ከሳያት ፊት በላይ፣ ስክሪኑ አናት ላይ «ራሔል» የሚል ስም ብቅ አለ። ትንሿ እህቷ ናት። እያለቀሰች እንደምትደውል ምን ጥርጥር አለው። ሳያት እዚህ ድንጋይ ላይ ወድቃ ጭንቅላቷን ስትመታ ታየው። ቀዩን ነካ። ራሔል እንደገና ደወለች። አሁንም ቀዩን ነካና የጎኑን ቁልፍ ጭኖ ስልኩን አጠፋው።

«ደወለ እንዴ?»

«አይ… ባትሪው ነው። ጠፋ።»

«ውይ! የቀረጽከውስ?»

«አለ። እሱ አይጠፋም።» ስልኩን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ እሷም አልጠየቀችውም።

የቦታው ጠባቂ የሆኑት አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ሽበሺ እናቱ የዲላ ልጅ ናትና በጌዴኦኛ ያነጋግራቸዋል። ሳያት እንደማትሰማ ስላወቀ ነገሩን ነገራቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ከራሳቸው አወረዱና ደረታቸው ላይ ያዙ። ሳያት ሰላምታ መስሏት፣ ጎንበስ ብላ በፈገግታ እጅ ነሳች።

«ንገራት» አሉት ሽማግሌው በቋንቋቸው። «ገና ትደርሳለች።»

«አጎቷ እንዳትነግራት ብለውኛል አባቴ።»

«አጎቷ እኮ አባቷን እየቀበረላት አይደለም፤ ከእሷ እየቀበረባት ነው» አሉና ኮፍያቸውን ሳይመልሱ ሄዱ።

«ምን አሉ?» አለች ሳያት።

«እንኳን ደህና መጣሽ ነው።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ሽበሺ «እንውረድ» አላት። እሷ ገና የላይኛውን ረድፍ አላየችም። «እንውረድ» ሲላት ለሁለተኛ ጊዜ ፊቷ ጠቆር አለ።

«ምን ሆነሃል ዛሬ? ከመጣን ጀምሮ ታጣድፈኛለህ። እንዲህ ከሆነ ብቻዬን ብመጣ ይሻለኝ ነበር። ካርታ ቢያንስ አይነጫነጭም!»

እውነቷን ነው። ሽበሺ የሚመልስ ሰበብ ፈለገ። «ልጄ ታማለች ተብዬ ነው» ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ግን በልጅ ጤና ላይ መዋሸት የሚያስከትለውን ፈራ። ስለዚህ በራሱ ዋሸ።

«አሞኛል» አላት። «ራሴን ይዞኛል። ሆዴም አልተመቸኝ።»

ይህ ነበር ስሕተቱ። ሳያት አባቷን ዓመታት ያስታመመች ልጅ ናት፤ ታመምኩ ላላት ሰው የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቁጣዋ ባንዴ ጠፋ። እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። «ለምን አልነገርከኝም ታዲያ? እኔ ደግሞ እነዘንዛለሁ! እዚህ ና፣ ጥላው ሥር ተኛ። እንዲህ ሆነህ በዚያ መንገድ ብትንገላታ ይብስብሃል። ጠሀ! ውሃ አምጣ!»

«ግድየለም፣ መኪና ውስጥ…»

«ዝም በል ጋሼ። ተኛ ስልህ ተኛ።»

አስተኛችው። ሻርፗን ጠቅልላ ራስጌው አደረገችለት። ክኒን ከቦርሳዋ አውጥታ አዋጠችው፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አጎረሰችው። ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዛ ትመልሰዋለች። በእንሰት ቅጠል ዝንብ እየተከላከለችለት ስለ አባቷ አወራችው። በሽታው በጠናበት ሌሊት እሷን ለማሳቅ ሲል የሐኪሞቹን አረማመድ በአልጋው ላይ ሆኖ በጣቶቹ እንዴት ያሳይ እንደነበር። ጨው ሲከለከል የሹሮውን ድስት «አንተና እኔ ተለያየን» ብሎ እንደተሰናበተው። «ባሰበት ጊዜ አጠገቡ ባልሆን የሚል ፍርሃት አለብኝ» አለችው። «ሥራ ቦታ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። አሁን ግን ሻል ብሎታል፤ ተመስገን ነው።»

ሽበሺ ዓይኑን ጨፈነ። እንዳያለቅስ ነበር፤ እሷ ግን እንቅልፍ መስሏት ዝም አለች፤ ሳትቀሰቅሰውም ጠበቀች። እንባውን ውጦ ተነስቶ ሰዓቱን ሲያይ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ጠሀን ወደ ጎን ሳበውና ነገረው። የጠሀ ፊት ተለዋወጠ። «ኢና ሊላሂ…» አለ በለሆሳስ። ከዚያ በቁጣ አንሾካሸከ፦ «ጠዋት አውቀህ ነው? እኔን እንደ ሞኝ መንገዱ አስፋልት ነው አሰኘኸኝ? አሁኑኑ ንገራት!»

«አደራ አለብኝ።»

«የማን አስጎብኚ ነህ ጋሼ? የሷ ነህ የአጎቷ?»

ሽበሺ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጠሀ በፍጥነት ነዳ። ሽበሺ ለልቡ ተስፋ ሰጠው፤ ቀብር ይዘገያል፣ ሰባኪ ያስረዝማል፣ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ መዘምራን ይደግማሉ። ዲላን አለፉ። ሳያት «ጠሀ፣ ያበድክ ትመስላለህ፤ ሚስት ወለደችብህ?» ስትል ጠሀ በመስተዋቱ አየት አደረጋትና ዓይኑን መለሰ።

ጩኮ ሲደርሱ በመንገዱ ዳር አናናስ ተደርድሯል። «ቁም!» አለች።

ጠሀ አልቆመም።

«ቁም እንጂ ጠሀ! አባዬ አናናስ ይወዳል። ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ፈቅዶለታል።» ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ጠሀ ሽበሺን አየው፤ ሽበሺ መሬት መሬት ያያል። ቆመ።

ሳያት አንድ አንዱን እያነሳች ታሸታለች። ሽበሺ ከመኪናው ወረደና አጠገቧ ቆመ። በቃ። እዚህ ይነግራታል፤ ከወደቀች ይደግፋታል፤ አጎቷ የፈለገውን ይበል። «ሳያት» አለ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ።»

ያኔ ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ። ሁለቱም አዩት፤ «የሳያት አባት» ይላል።

«አባዬ ነው!» ፊቷ በራ። «አምጣው!»

ሽበሺ ጀርባውን ሰጥቶ ሦስት አራት እርምጃ ራቀ። የአማኑኤል ድምፅ ደክሞታል። «ሸኝተነዋል። አፈር አልብሰን እየተመለስን ነው። አሁን አትጣደፉ፤ ቀስ ብላችሁ ኑ። ጌታ ይባርክህ፤ ትልቅ ሰው ነህ።» ከኋላው የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል።

ዘወር ሲል ሳያት እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ተቋረጠ» አላት።

«ለምን ላንተ ደወለ?»

«ያንቺ ጠፍቶ ስላጣሽ ይሆናል።»

«ደህና ነው?»

ከቅድሙ ሁሉ ይህ ነበር ከባዱ። ሊነግራት የነበረው ነገር አሁን ምን ይጠቅማታል? ሩጪ ሊላት ነበር፤ ወዴት ትሩጥ? አንዴ የዘገየ እውነት ከውሸት አይሻልም ብሎ ልቡ ደነደነ።

«ደህና ነው» አለ።

ሳያት ሁለት ጨመረችና በእቅፏ ይዛ ገባች። ከዚያ እስከ ሀዋሳ መኪናው ውስጥ አናናስ አናናስ ሸተተ።

ሀዋሳ ገብተው፣ አቶቴ ጋ ደርሰው ወደ ሰፈሯ ሲታጠፉ ድንኳኑ ታየ። መንገዱን አጋምሶ ተተክሏል፤ አግዳሚዎቹ ሰው ሞልተዋል። ሳያት ወንበሩን ይዛ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «የማን ቤት ነው?… ጠሀ፣ የማን ቤት ነው?» ሰዉ ሁሉ መኪናውን ሲያይ ተነሳ፤ አማኑኤል መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ፊት መጣ። በቀስታ ነው የሚራመደው፤ የሚለውን አዘጋጅቷል።

የሚለውን ግን ማንም አልሰማም። ራሔል ከሴቶቹ መሐል ወጥታ በባዶ እግሯ ሮጠችና በሩን በረገደችው።

«ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ! ስንት ጊዜ! ስልክሽን ለምን ዘጋሽብኝ? ‘እህቴ እየመጣች ነው፣ ትንሽ ቆዩልኝ’ ብዬ ለመንኳቸው እኮ! ሳጥኑን ይዤ ለመንኳቸው! ‘አታውቅም፣ መንገድ ላይ አይነገራትም’ አሉኝ!»

ሳያት አልጮኸችም፤ አልወደቀችም። ዘወር ብላ ሽበሺን አየችው። እሱም ሳትጠይቀው እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ስልኳን አወጣና ዘረጋላት። አልተቀበለችውም። ሴቶቹ ራሔልን ደግፈው ወደ ድንኳኑ መለሷት፤ ለቅሶው ታደሰ፤ መዘምራኑ ዝማሬ አነሱ።

«ውረጂ ልጄ» አለ አማኑኤል መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ። «ለመጽናናትሽ ብለን ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ዛሬ ተቀመጪ። ነገ ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም እንወስድሻለን።»

«ጠሀ» አለች ሳያት አጎቷን ሳታይ። «ንዳ።»

ጠሀ ነዳ።

መካነ መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የቀባሪው ባጃጅና ሚኒባስ ሁሉ ሄዷል፤ በበሩ ላይ የነበረውም ዘበኛ የለም። ሽበሺ እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም። የሩቅ ዘመን ሰዎችን መቃብር ያሳየበት ቀን ስፍር የለውም፤ በዚህ ከተማ የሞቱትን ግን የት እንደሚያሳርፉ ልብ ብሎ አያውቅም። ከፊታቸው ትኩስ አፈር ያለበት ቦታ በዛ። ሁሉም ቀይ ነው፤ ሁሉም ላይ የአበባ ጉንጉን አለ፤ የስም ሰሌዳ ገና አልተተከለባቸውም።

«የቱ ነው?» አለች ሳያት። ከሰፈር ከተነሱ ወዲህ ለሽበሺ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

አላውቅም ማለት ነበረበት። ሽበሺ ግን ሰው «የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው አላውቅም ብሎ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ እንጀራው ነው። ዞር ዞር ብሎ አየ። አንደኛው ዙሪያው በጫማ ዳና ተረግጧል፤ ጉንጉኑም ብዙ ነው። አቶ ወልደጻድቅ ሰው የሚወዳቸው ሰው ነበሩ። እሱ መሆን አለበት።

«ይሄ ነው» አለና በእጁ አመለከተ።

ሳያት ተንበረከከች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የት እንደነበረ የማይታወቀው እንባ መጣ። «አባዬ፣ መጣሁ። ዘገየሁ አይደል? እዚያ ላይ ቆሜ እየሳቅኩ ነበር አባዬ። ሙዝ ስገዛ ነበር። አናናስ እያሸተትኩ ሳለ አፈር ጫኑብህ። መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ አልኩህ እኮ አባዬ! ማንን ነበር የጠየቅኩት?» አፈሩን በሁለት እጇ አቀፈችው፤ ግንባሯን ጫነችበት። ስለ ድንጋዮቹ ነገረችው፤ አፍንጫው እሱን ስለሚመስለው፣ በወደቀው ዓይን ውስጥ ስላለው ውሃ፣ ጣሪያው ሰማይ ስለሆነው መቅደስ። በመጨረሻ ድምፅ አልቀረላትም፤ ትንፋሿ ብቻ እየተቆራረጠ ይወጣል።

ሽበሺ ስለ መቅደሱ ስትነግር ሰማ። «እሱ መቃብር ነው ሳያት፤ ውሸቴን ነው» ሊላት ፈለገ። ይህንንም አልቻለም። ጠሀ ከመኪናው ወርዶ፣ መዳፎቹን ከፍቶ፣ በለሆሳስ ዱዓ ያደርጋል።

ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ራሔል ወረደች። ነጠላዋ አፈር ላይ ይጎተታል። እህቷን ስታይ ሮጠች፤ ልትደርስባት ጥቂት ሲቀራት ዝግ አለች፤ ከዚያ ቆመች።

«እህቴ…» አለች። ጎንበስ ብላ በቀስታ ትከሻዋን ያዘቻት። «እሱ አይደለም። ይሄ የሌላ ሰው ነው፤ ከእኛ በፊት የቀበሩ ነበሩ። የእኛ ወዲያ ነው።»

ሳያት ቀና አለች። ግንባሯ ላይ ቀይ አፈር አለ። ወደ ሽበሺ አልዞረችም። ራሔል እጇን ይዛ አስነሳቻት፤ በሁለት መቃብር መሐል አሳልፋ ከአጥሩ ወደሚቀርበው ወሰደቻት። ያኛው ላይ አንድ ጉንጉን ብቻ ነው ያለው።

ሳያት ቆመች። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ዓይኗን አሻሸች፤ ደርቋል። ያላትን ሁሉ ለማታውቀው ሰው ሰጥታ ጨርሳለች። ራሔል ግን ገና እንዳየችው እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች።

«አንቺ ንገሪው» አለቻት ሳያት።

«ምን ልበለው?»

«እንደመጣሁ።»